ሱባኤ በሱቢያኮ፦ ልጆቹን ቤት ትቶ ለብቻው ለሚሄድ ወላጅ

ሱቢያኮ ከሮማ በስተምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ አኒየኔ ወንዝ ዳር፣ በሲምብሩይኒ ተራሮች ሥር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በ480 ገደማ በኖርቻ የተወለደው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ትምህርቱን ጥሎ ከሮማ ሲወጣ ሦስት ዓመት የተቀመጠው ከዚህች ከተማ በላይ ባለው ገደል፣ ዋሻ ውስጥ ነው። ዋሻው ዛሬ ሳክሮ ስፔኮ የሚባል ገዳም ሆኗል። ከእሱ ዝቅ ብሎ በእህቱ በቅድስት ስኮላስቲካ ስም የሚጠራው ትልቁ ገዳም ይገኛል፤ ለሱባኤ የመጣ እንግዳ የሚያድረው እዚያ ነው። ቅዱሱ በሸለቆው ከተከላቸው ገዳማት እስከ ዛሬ የዘለቀውም እሱ ብቻ ነው።

ማስታወሻው የመንገዱን ቅደም ተከተል ይዞ ይሄዳል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን፣ ሰዓቶቹ እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሣት በፊት

ነገሩ የሚጀምረው በኢሜይል ነው። ለእንግዳ ማረፊያው የሚጻፈው መልእክት አጭር ይሁን፤ በጣሊያንኛ ከሆነ ደግሞ መልሱ ይፈጥናል። መካተት ያለባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም፦ ስም፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ ብቻዬን ነኝ የሚል ቃል፣ የመጣሁት ለጸሎት ነው የሚል ቃል፣ የማይበላ ምግብ ካለ እሱ፣ ካህን ማነጋገር ከተፈለገም በምን ቋንቋ። «ለጸሎት» የሚለው መዘለል የለበትም። የእንግዳ ማረፊያው ጎብኚም፣ የትምህርት ቤት ቡድንም ስለሚያስተናግድ፣ ካልተነገራቸው እንደ ማንኛውም ቱሪስት ቁልፍ ሰጥተው ያሰናብታሉ። በወንዶች ገዳም አንዳንድ ጊዜ ወንድ እንግዳ ከመነኮሳቱ ክልል ውስጥ ያድራል፤ ሴት ግን የምታድረው በውጭው የእንግዳ ማረፊያ ነው። እናቶች ይህን አስቀድመው ቢያውቁ በሩ ላይ ግር አይላቸውም።

ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ይጠየቃል። ቀኖቹ በግልጽ የሰፈሩበት የገዳሙ ማረጋገጫ የማረፊያ ማስረጃ ሆኖ ስለሚቀርብ፣ መልሱ እንደመጣ አትሙት። ማመልከቻ እስከ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል የመጨረሻውን ወር መጠበቅ አያዋጣም።

የቤቱ ዝግጅት ከቪዛው ይከብዳል፤ ሱባኤው የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ልጆቹን ለሚይዝ ሰው አንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ፍሪጅ ላይ ይለጠፍ፦ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ መጠኑና ሰዓቱ፣ የክሊኒክ ካርዱ የት እንዳለ፣ ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣቸው፣ ቅርብ ያለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ስልክ፣ የገዳሙ የመስመር ስልክ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በጸሎት ሰዓት የእጅ ስልክ እንዲዘጋ የሚያደርገው እሱ ነው። የባሰ ነገር ቢመጣ በበሩ በኩል ያገኙኛል ብሎ ያመነ ወላጅ ኪሱን በየደቂቃው አይዳስስም።

ለልጆች ቀን ከመቁጠር ሌሊት መቁጠር ይቀላቸዋል። «አራት ጊዜ ተኝታችሁ ስትነሡ» ማለት ይገባቸዋል። ከሦስት ሌሊት ያነሰ ሱባኤ ደግሞ ለወላጅ ብዙም አይጠቅምም፤ የመጀመሪያው ምሽት በድካም፣ የመጨረሻው ጠዋት በሻንጣ ያልፋልና።

ሰኞ፣ ከፊዩሚቺኖ እስከ ገዳሙ በር

የአዲስ አበባው በረራ ቀጥታ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳል። እዚያ አብዛኛው ሰው ወደ ሮማ ዋና የባቡር ጣቢያ፣ ወደ ቴርሚኒ፣ የሚሄደውን ሊዮናርዶ ኤክስፕሬስ ይይዛል፤ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ወደ ሱቢያኮ ለሚሄድ ግን የሚሻለው ኤፍ ኤል 1 የተባለው የክልል ባቡር ነው፤ በ8 ዩሮ ቲቡርቲና ጣቢያ ያወርዳል። ከቲቡርቲና ወደ ረቢቢያ የሚሄደውን ሜትሮ ቢ ይዞ ፖንቴ ማሞሎ መውረድ ነው። የሜትሮው ቲኬት 1.50 ዩሮ ሲሆን ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። ከቴርሚኒ የሚነሣ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ አለ፦ ሜትሮ ቢ ቦሎኛ ጣቢያ ላይ ለሁለት ስለሚከፈል፣ ወደ ዮኒዮ የሚሄደው ውስጥ ከገባ ከመንገዱ ይወጣል። ከቲቡርቲና ለተሳፈረ ግን ሁሉም ባቡር ወደ ረቢቢያ ነው።

የሱቢያኮ አውቶብስ ከፖንቴ ማሞሎ ይነሣል፤ የክልሉ ድርጅት የኮትራል ሰማያዊ አውቶብስ ነው። ቲኬቱ ከመሳፈር በፊት በጣቢያው ካለ ቡና ቤት ወይም ትልቅ «ቲ» ፊደል ከተሰቀለበት የትምባሆ ሱቅ ይገዛል፤ ሾፌሩ ዘንድ ከተገኘም በውድ ነው። የመልሱንም እዚያው መግዛት ብልህነት ነው፤ በትንሽ ከተማ ሱቁ በተዘጋ ሰዓት ቲኬት ፍለጋ መንከራተት አለ። ወደ ሱቢያኮ የሚወስደው መስመር ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ በኤ 24 ፈጣን መንገድ፣ ሌላው በአሮጌው የቲቡርቲና መንገድ መንደር ለመንደር እየቆመ። ግንባሩ ላይ የተጻፈው «ሱቢያኮ» ስለሆነ ብቻ መዝለቅ የለም፤ «ፔር አውቶስትራዳ?» (በፈጣኑ መንገድ ነው?) ብሎ መጠየቅ ነው። ሰኞ ቀድሞ የመጣው ቀርፋፋው ነበር፤ መንገዱ በጣም ረዘመ፤ ብቻ የወይራ እርሻዎቹና ኮረብታ ጫፍ ላይ የተሰቀሉት መንደሮች በደንብ ይታያሉ። መንገድ ላይ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ እጁን ካልዘረጋ አውቶብሱ ጥሎት ያልፋል።

ከተማው ውስጥ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ የሚከፈተው ወደ 10 ሰዓት ላይ ነው። ውኃና ዳቦ ከዚያ በፊት ይያዝ። ከአውቶብስ ማቆሚያው እስከ ቅድስት ስኮላስቲካ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው። ታክሲ በስልክ ይጠራል እንጂ ቆሞ አይጠብቅም። መንገዱ አስፋልት ነው፤ የእግረኛ ጠርዝ የሌለው ቦታ ስላለው ግን ጎማ ያለው ሻንጣ ጎትቶ ከመውጣት በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ይሻላል። በግራ በቀኝ ጥድና ወይራ፣ ከታች የወንዙ ድምፅ። መንገድ ዳር ከአጥር ጀርባ የሚታየው የድንጋይና የሸክላ ፍርስራሽ የሮማው ቄሣር የኔሮን ቤተ መንግሥት ነው። ኔሮን አኒየኔን ገድቦ እዚህ ሐይቆች አሠርቶ ነበር፤ የመጨረሻው ግድብ በ1305 ፈረሰ።

በሩ ላይ ፓስፖርት ይጠየቃል፤ የጣሊያን ሕግ ማንኛውም አዳሪ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ ነው። ከቁልፉ ጋር አራት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል፦ የዕለቱ የጸሎት ሰዓቶች (እንደ ወቅቱ ይቀያየራሉ)፣ የምግብ ሰዓት፣ የውጭው በር ማታ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋና ዘግይቶ የመጣ በየት እንደሚገባ፣ ጸሎቱ የሚደረገው በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ይሁን በትንሹ ጸሎት ቤት። አራተኛውን ያልጠየቀ ሰው ደወሉን እየሰማ በተዘጋ በር ፊት ይቆማል።

ክፍሉ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መስቀል ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በግንቦትም ሹራብ ያስፈልጋል፤ የስልክ ኔትወርክም ይደክማል። ለቤት የሚደወለው ከሠርክ ጸሎት በፊት ይሁን። ጣሊያን ከእኛ በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ እዚህ ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው፤ ልጆች እራት ላይ ናቸው። በቀን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት። ሕፃናት የተወሰነ ሰዓት ሲያውቁ መሐል ላይ አይነጫነጩም፤ ወላጁም እንደዚያው።

የዕለቱ የመጨረሻ ከመኝታ በፊት ያለው የንዋም ጸሎት ነው። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓቱ ለንዋም በየሌሊቱ ሦስት መዝሙር ብቻ መድቧል፦ 4፣ 90 እና 133። ቁጥሩ በእኛም ዳዊት ያው ነው። በየቀኑ ስለማይለዋወጡ በቃል ይያዛሉ፤ መብራቱ ቢጠፋም ጸሎቱ አይቆምም። ከንዋም በኋላ ዝምታ ነው፤ ኮሪደር ላይ ሰላምታም ራስ ዝቅ በማድረግ ብቻ። የመጀመሪያውን ሌሊት እንቅልፍ መስጠት እንጂ በንባብ መታገል አያስፈልግም። ወላጅ የሆነ ሰው ወደ ገዳም ይዞ የሚመጣው ዕዳ መጀመሪያ የእንቅልፍ ነው።

ማክሰኞ፣ ቅድስት ስኮላስቲካ

ጠዋት የሚደወለው ደወል አጭር ነው። ከመነሣት ጋር ለሚታገል ሰው ሥርዓቱ በምዕራፍ 22 የሚናገረው ደስ ይላል፦ ወንድሞች ሲነሡ እርስ በርሳቸው በቀስታ ይበረታቱ፤ እንቅልፋሞች ምክንያት ያበዛሉና። ልጅ ቀስቅሶ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሁሉ ይህን ምዕራፍ ያውቀዋል።

መነኮሳቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ በእኛ ቅኔ ማኅሌት ቀኝና ግራ እንደሚቆመው። ከበሮ፣ ጸናጽል፣ መቋሚያ ግን የለም። አንዱ ወገን አንድ ቁጥር ይላል፣ ሌላው ይቀበላል። እንግዳ ከኋላ ወይም ከጎን ይቀመጥና መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ ገጹ ካልተገኘ አጠገብ ያለውን ሰው ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። የሚከብደው ቋንቋው አይደለም፤ መሐል ላይ ያለው ማረፊያ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ለሁለት ይከፈላል፤ በመካከሉ ኮከብ ምልክት አለ፤ እዚያ ላይ ሁሉም አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይላሉ። እንግዳ የሚሳሳተው ሁልጊዜ እዚህ ነው፦ ማረፊያውን ዘሎ ሁለተኛውን ግማሽ ብቻውን ይጀምርና ድምፁ ጎልቶ ይሰማል። መድኃኒቱ ድምፅን ከጎረቤት ድምፅ ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው፤ የራስ ድምፅ ከጎረቤቱ በላይ ከተሰማ ከፍ ብሏል ማለት ነው። «ስብሐት ለአብ» ሲባል ሁሉም ተነሥተው ይሰግዳሉ። ሁለት ሦስት ጸሎት ካለፈ በኋላ ማረፊያው ደረት ውስጥ ይገባል፤ የጥድፊያ አተነፋፈስ ራሱ ይለቃል።

ለኢትዮጵያዊ የጸሎቱ አከፋፈል እንግዳ አይሆንም። ሥርዓቱ የሚቆጥረው ሰዓት ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ስለሆነ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት እያለ ይሄዳል። «በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ» የሚለው የዳዊት ቃልም በሁለቱም ወገን የሰዓታቱ መሠረት ነው። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ 150ውን መዝሙር በሳምንት እንዲጨርሱ አዟል፤ የእኛም ዳዊት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተከፍሎ በሳምንት ያልቃል። የራሱን ዳዊት ይዞ የሄደ ሰው በጸሎቶቹ መካከል የዕለቱን ክፍል ቢያነብ ሁለቱ ይገጣጠሙለታል። ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 ነው።

በቅዳሴ ላይ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ መገኘት ይችላል፤ የራሱ ቤተ ክርስቲያን ስለማትፈቅድ ግን በቁርባን ጊዜ ቦታው ላይ ይቆያል። ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም አይገፋውም። የግዕዝ ሥርዓት ተከታይ ካቶሊክ ግን ይቆርባል፤ ለእሱ የሚለየው ቅዳሴው አጭር መሆኑ ብቻ ነው።

ከቁርስ በኋላ ለንባብ የሚሆነው ሥርዓቱ ራሱ ነው። 73 አጫጭር ምዕራፎች ናቸው፤ ወላጅ ከየት ይጀምር ቢባል የጸሎቱን ምዕራፎች ለጊዜው ዘሎ ከቤት ሥራው ይጀምር እላለሁ። ምዕራፍ 31 የገዳሙ መጋቢ ዕቃዎችን ሁሉ እንደ መሠዊያ ንዋያተ ቅድሳት እንዲያይ ያዛል፤ ድስቱንም፣ መጥረጊያውንም። ምዕራፍ 35 የማዕድ ቤት ተረኞችን ይመለከታል፦ ተራው ያለቀ ሰው ቅዳሜ ፎጣዎቹን አጥቦ፣ ዕቃውን ንጹሕ አድርጎ ያስረክባል፤ ገቢውና ወጪውም የሁሉንም እግር ያጥባሉ። እዚያው ላይ አንድ ትንሽ ትእዛዝ አለች፦ የሚያስተናግዱት ከምግብ ሰዓት በፊት ቁራሽ ዳቦና መጠጥ ይቅመሱ፤ ርቧቸው እያጉረመረሙ እንዳያገለግሉ። እናት ለሁሉም አቅርባ ራሷ ቆማ የምትውልበት ቤት ይህች መስመር ብትሰማ ምንኛ በጠቀመች! ምዕራፍ 37 ሽማግሌዎችና ሕፃናት በጾም ሰዓት እንዳይጨነቁ፣ ቀደም ብለው እንዲበሉ ይላል። ምዕራፍ 43 ደወል ሲሰማ በእጅ ያለው ሁሉ ይጣል ይላል። ምዕራፍ 66 በረኛው ድሃ ሲጣራ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ፈጥኖ እንዲመልስ ያዛል። ይህ ሁሉ የብሕትውና መጽሐፍ ሳይሆን ብዙ ሰው አብሮ የሚኖርበት ቤት መጽሐፍ ነው፤ ስለዚህም ልጅ የሚያሳድግ ሰው ከገጹ ላይ ራሱን ያገኛል። በተግባር የሚጠቅመው አካሄድ አንድ ምዕራፍ አንብቦ፣ በቤት ውስጥ የሚመስለውን አንድ ሥራ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው፤ አንድ ብቻ። ዝርዝር ካደረጉት የሥራ ዕቅድ ይሆንና ሱባኤነቱ ይጠፋል።

ገዳሙን ለማየት ከሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። በምሰሶ የተከበቡ ሦስት ግቢዎች አሉ፤ ከእነሱ በ13ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ትንንሽ ምሰሶዎቹ ነጠላም ጥንድም ሆነው የቆሙበት ነው። የደወል ግንቡ የ11ኛው መቶ ዘመን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ነጭና ለስላሳ ሆኖ ያስገርማል፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ንድፉን ያወጣው ጃኮሞ ኳሬንጊ ነው፤ በኋላ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ ለሩሲያ ነገሥታት የሠራው። ሁለት ጀርመናውያን፣ ስዋይንሃይምና ፓናርትዝ፣ የጣሊያንን የመጀመሪያ ማተሚያ ያቆሙትም እዚሁ ነው፤ በ1465 የጥንቱን ክርስቲያን ጸሐፊ የላክታንትዮስን ሥራዎች አትመዋል። ከዚያ 48 ዓመት በኋላ፣ በ1513፣ በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ ዳዊት፣ ሮማ ላይ ወጣ። በዚህ ግቢ ለሚያልፍ የእኛ ሰው ይህ ሊነገረው ይገባል።

ረቡዕ፣ ሳክሮ ስፔኮ

ከቅድስት ስኮላስቲካ ወደ ዋሻው በአስፋልቱም በእግር መንገዱም ይወጣል። የእግር መንገዱ አጭር ነው፤ ደረጃውና ድንጋዩ ግን ጠዋት በጤዛ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ አይሆንም። መጨረሻ ላይ ያረጁ ሾላ የሚያካክሉ የባሉጥ ዛፎች ጥላ አለ፤ ከዚያ በኋላ ገዳሙ ገደሉ ላይ ተለጥፎ ይታያል። በቀትር ለሁለት ሦስት ሰዓት ይዘጋል። ለጸሎት የሚሄድ ሰው ጠዋት እንደተከፈተ ቢገባ ነው የሚሻለው፤ የአውቶብስ ጎብኚዎች ከመድረሳቸው በፊት ዋሻው ባዶ ነው።

የሚገባው ከላይ ነው፤ ከዚያ በደረጃ ወደ ታች ይወረዳል፤ ጎብኚው ሁለቱን ቤተ ክርስቲያኖች አልፎ ዋሻው ጋ ይደርሳል። ግድግዳው በሙሉ በሥዕል ተሸፍኗል። ዋሻው ራሱ ትንሽ ነው፤ ድንጋዩ በእጅ ይነካል፤ ውስጡ በ1657 አንቶኒዮ ራጂ የቀረጸው ወጣት ቤኔዲክቶስ በነጭ እብነ በረድ ተቀምጧል፤ አጠገቡም ምግብ የሚወርድበት ቅርጫት። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ እንደጻፈው፣ ሮማኖስ የሚባል መነኩሴ ከራሱ ድርሻ ዳቦ እየቀነሰ ከገደሉ አናት በገመድ ያወርድለት ነበር፤ ገመዱ ላይ ደወል ታስሮ ነበር፤ ጠላት ዲያብሎስ ደወሉን በድንጋይ ሰበረው፤ ሮማኖስ ግን ማውረዱን አልተወም። በዚያው ዘመን አካባቢ በእኛ አገር አባ አረጋዊ ደብረ ዳሞ ላይ እንደነበሩ ለሚያስብ ሰው፣ ሁለቱ ገደሎችና ሁለቱ ገመዶች ልብ ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በዝምታ የተቀመጠው ቅዱስ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ለልጆቹ የሚሯሯጥ ወላጅ ግን ሮማኖስን ልብ ይበል። ከገዛ ማዕዱ ቀንሶ፣ ማንም ሳያየው፣ በየቀኑ ገመዱን ያወረደውን።

ሦስት ነገር ሳይታይ አይወጣም። በቅዱስ ጎርጎርዮስ ጸሎት ቤት የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሥዕል አለ፤ በራሱ ዙሪያ ብርሃንም፣ በእጁ ላይ የክርስቶስ ቁስል ምልክትም የለውም። ምልክቱን የተቀበለው በ1224፣ ቅድስናው የታወጀው በ1228 ስለሆነ፣ ገና በሕይወት ሳለ የተሣለ ነው ይባላል። ወደ ታች በሚወርደው ደረጃ ላይ ሞት ፈረስ ጋልቦ ሰይፍ ይዞ ይታያል፤ ድሆቹን ትቷቸው ወጣቶቹን ይመታል። ከዚያ በታች የጽጌረዳው ቦታ ነው፤ ቤኔዲክቶስ ከፈተና ለመሸሽ ራሱን የጣለበት እሾህ፣ በትውፊቱ መሠረት ፍራንቸስኮስ ሲመጣ ጽጌረዳ ያደረገው። ጽጌረዳ ለማየት የሚሄድ በግንቦትና በሰኔ ይሂድ።

የሮማ ባላባቶች ልጆቻቸውን ለቤኔዲክቶስ አደራ ይሰጡ የነበረውም በዚሁ ሸለቆ ነው። ትንሹ ፕላቺዶስ ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ ሐይቁ ሲወስደው፣ ማውሮስ ተልኮ በውኃው ላይ ሮጦ በጠጉሩ ስቦ አወጣው፤ ውኃ ላይ መሮጡን ያወቀው ከተመለሰ በኋላ ነበር። ከገዳሙ በታች ወንዙ የሚሠራውን ትንሽ ሐይቅ በቅዱሱ ስም ይጠሩታል፤ ከመንገዱ ቁልቁል ግማሽ ሰዓት የማይሞላ የእግር መንገድ አለው። ዳርቻው ያዳልጣል።

ረቡዕ ጾም ነውና ስለ ምግብ። የጣሊያን ማዕድ መጀመሪያ ፓስታ ወይም ሾርባ፣ ቀጥሎ ሥጋ ወይም ዓሣ ከአትክልት ጋር፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ ነው። ሥርዓቱ በምዕራፍ 39 ሁለት የበሰለ ምግብ ይበቃል፣ ፍራፍሬ ከተገኘ ሦስተኛ ይጨመር ያለው እስካሁን ማዕዱ ላይ ይታያል። «እጾማለሁ» ሲባሉ የሚገባቸው ሥጋ አለመብላት ስለሆነ፣ አይብና ቅቤ ያለበት ፓስታ ይመጣል። ጿሚ አስቀድሞ «ሴንዛ ካርኔ፣ ሴንዛ ላቴ፣ ሴንዛ ፎርማጆ፣ ሴንዛ ዎቫ» ይበል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላል የሌለበት ማለት ነው። ያኔ ባቄላ ወይም ምስር ሾርባ፣ በወይራ ዘይት የተሠራ አትክልት ያቀርባሉ። ሚጥሚጣ ይዞ መሄድ ነውር የለውም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ግን የምሳ ሰዓታቸው ከቀትር በኋላ ብዙ ሳይቆይ ስለሆነ፣ ድርሻው ተሸፍኖ እንዲቀመጥለት ጠዋት ይናገር።

ሐሙስ

ዝናብ ነበር፤ ውጭ መውጣት ስላልተቻለ ቀኑ በንባብና በንግግር አለፈ።

የቅዱስ መጽሐፍ ንባቡ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ከዕለቱ ወንጌል ከአምስት እስከ አሥር ቁጥር ይወሰዳል። መጀመሪያ ድምፅ አውጥቶ ቀስ ብሎ፣ ሁለተኛ በዝምታ። የያዘ ቃል ሲገኝ ንባቡ ይቆማል፤ ቃሉ ይደጋገማል፤ ቀጥሎ ስለዚያ ቃል ለእግዚአብሔር ይነገራል፤ በመጨረሻ ዝም ይባላል። ሠላሳ ደቂቃ በቂ ነው። የሚበላሸው ሁለት ምዕራፍ ለመጨረስ ሲጣደፉ ነው። ሐሳብ ወደ ልጆቹ ሲሄድ መታገል አያስፈልግም፤ ስማቸውን ጠርቶ፣ በዚያው ቃል ላይ አስቀምጦ መመለስ ነው።

ካህን ለማነጋገር ቀጠሮው ማክሰኞ ይያዝ፤ ሐሙስ የጠየቀ ሰው ላያገኝ ይችላል። ከጣሊያንኛ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ካህን ካለ በበሩ በኩል ይፈልጉለታል። ከመግባት በፊት ሦስት መስመር ጽፎ መያዝ ይጠቅማል፤ በሁለተኛ ቋንቋ የሆድን ለመናገር ወረቀት ያግዛል። ለኑዛዜ ከመጡም ይህን መጀመሪያ ይናገሩ፤ ምክርና ኑዛዜ ሲቀላቀሉ ካህኑም ይቸገራል።

በዚህ ቀን ናፍቆቱ ይበረታል። የስልኩን ሰዓት ማርዘም ያምራል፤ ትናንት የተነገረው ያህል ይበቃል፤ ትንንሾቹ የወላጅን ድምፅ መሰበር ቶሎ ይሰሙታል።

ዓርብ፣ ወደ ሮማ

ጣሊያን ውስጥ የትራንስፖርት የሥራ ማቆም አድማ ብዙ ጊዜ ዓርብ ላይ ይወድቃል። አስቀድሞ ስለሚታወጅ ሐሙስ ማታ በሩ ላይ ይጠየቅ። በሮማ በአድማ ቀን ሥራ የማይቋረጥባቸው ሰዓቶች አሉ፤ እስከ ጠዋቱ 2፡30 እና ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት። ስለዚህ በአድማ ቀን በማለዳው አውቶብስ መውረድ ወይም ከሰዓት በኋላ ያለውን መጠበቅ ነው እንጂ በቀትር መነሣት መንገድ ላይ ያስቀራል። በረራው ቅዳሜ ቢሆን ልብ ያርፋል።

ሒሳቡ ከቁርስ በኋላ ይከፈላል፤ ካርድ ካልሠራ ጥሬ ገንዘብ ይኑር። በብዙ የጣሊያን ከተሞች የአዳሪ ግብር ለብቻው ስለሚጠየቅ ጥቂት ዩሮ ዝርዝር ይያዝ። ለካህኑ በእጅ ገንዘብ መስጠት አይለመድም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የስጦታ ሣጥን አለ። አልጋ ልብሱን ማንሣት ወይም መተው እንደ ቤቱ ልማድ ስለሆነ ጠይቆ ማድረግ ነው።

ለልጆች ስጦታ ከሮማ አየር ማረፊያ ከመግዛት ከገዳሙ ሱቅ ይሻላል፤ የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሜዳሊያ ትንሽና ርካሽ ነው፣ ሻንጣም አይሞላም። ማርና ሌላ ፈሳሽ ነገር የገዛ ግን በሚጫነው ሻንጣ ቢያደርገው ይሻላል። ወደ ከተማው ቁልቁለት ስለሆነ በእግር ከዳገቱ በጣም ያነሰ ጊዜ ይፈጃል፤ ከፖንቴ ማሞሎ ወደ ቲቡርቲና፣ ከዚያ በዚያው በ8 ዩሮው ባቡር ወደ ፊዩሚቺኖ። ቤት የሚደረስበት ማግሥት ቀጠሮ የሌለበት ቀን ይሁን፤ ልጆቹ ያን ቀን ሙሉ ከጎን አይነሡም።